ዕረፍታችን የሌላው ድካም እንዳይሆን፦ በጾም ወደ ዛንዚባር ለምንሄድ ቤተሰቦች ማሳሰቢያ

ክረምቱ ሲቃረብ በየቤታችን የሚነሣ ሐሳብ አለ። «ልጆቹ ዘንድሮ ሲመጡ እማማንም አባባንም ይዘን አንድ ቦታ ብንሄድስ?» እንባባላለን። ዛንዚባር ቶሎ ስሟ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ይበርባታል፤ በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዋሽንግተንም ከዱባይም የሚመጣው ዘመድ አዲስ አበባ ላይ ተገናኝቶ አብሮ መቀጠል ይችላል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ጉዞው ጾም ላይ ሲውል፣ ወይም ከመካከላችን ሥጋ ጨርሶ የማይቀምሱ ሲኖሩ፣ ከአያት እስከ ጡት የሚጠባ ሕፃን አንድ ቤት ውስጥ ሲሰበሰብ፣ የአንዳችን ዕረፍት ሳናውቀው በሌላው ጫንቃ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በእናቶቻችን ላይ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እኛን በሚያስተናግዱን የደሴቲቱ ሰዎች ላይ። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሁላችንም ለቤተሰባችን በጎ አስበን ነው የምንነሣው። አስቀድመን ብንነጋገርባቸው ብዙ ሰው የሚያሳርፉ ነገሮች ስላሉ ነው።

ቀኑን ስንቆርጥ

ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተደቡብ 6 ዲግሪ ላይ ያለች ስለሆነች ዝናቧ ከእኛ ጋር አይገጥምም። ማሲካ የሚሉት ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ቩሊ የሚሉት አነስተኛው ዝናብ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ደረቅና ነፋሻ ነው። አዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ ስትጨነቅ እዚያ ፀሐይ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው ፍልሰታም በዚሁ ደረቅ ወቅት ውስጥ ይውላል። የዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት በአንጻሩ ማሲካ ላይ ይወድቃሉ፤ በዚያ ወቅት የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ።

እናድርግ፦
– ቀኑን ከልጆች ትምህርት ቤትም ከአያቶች የሐኪም ቀጠሮም ጋር እናስተያይ፤ ቀጠሮው የተዘለለበት አዛውንት እዚያ ቢታመም ጭንቁ የሁሉም ነው።
– ለፍልሰታ የምንሄድ ከሆነ ማረፊያውን ከወራት በፊት እንያዝ፤ ሐምሌና ነሐሴ እንግዳ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ለዘገየ ሰው የሚተርፈው ደረጃ የበዛበት ቤት ነው።
– ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆቻችን ትኬት ስንቆርጥ ዊልቸር እንጠይቅ፤ ረጅሙን መተላለፊያ በእግራቸው እንዲሄዱ የሚያደርጋቸው ይሉኝታ ነው።

እንተው፦
– ረመዳን መቼ እንደሚገባ ሳናይ ቀን መቁረጥን እንተው፤ የደሴቲቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነውና በጾሙ ወር ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል።
– ለእያንዳንዱ ቀን ሁለትና ሦስት ጉብኝት መደርደርን እንተው፤ የደከመ አዛውንት «እናንተ ሂዱ» ብሎ ብቻውን ይቀራል።

ረመዳን ላይ ብንደርስ እንኳ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ጾም ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገጥመው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አብሮ ጾሟል። ለጾመኛ ጎረቤት አገራችን ውስጥ የምናደርገውን ጥንቃቄ እዚያም እናድርግ። በአደባባይ መብላትም ውሃ መጠጣትም ይቅር፤ ለሕፃናት የሚያስፈልገውን ጥላ ባለበትና ሰው በማይበዛበት ቦታ እንስጣቸው።

ወረቀትና መድኃኒት

እናድርግ፦
– የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን ከፓስፖርቱ ጋር እንያዝ፤ ከኢትዮጵያ የተነሣ መንገደኛ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።
– ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወላጆቻችን ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም እናማክር፤ በዚያ ዕድሜ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከፍ ይላል።
– ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አገር እንግዶች እንዲገዙ ያዘዘችውን የጉዞ ኢንሹራንስ ከመነሣታችን በፊት እንክፈል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ሌላ ኢንሹራንስ ያለውም ከዚህ አይቀርለትም።
– ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም እንጠይቅ፤ ዛንዚባር ወባን እጅግ ቀንሳለች እንጂ አላጠፋችም፤ ደጋ ላይ የኖረ ሰው ደግሞ አካሉ አልለመደውም።
– የግፊትና የስኳር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የተጫነ ሻንጣ ቢዘገይ መድኃኒቱ አብሮ ይዘገያል።

እንተው፦
– ስንቅን በፌስታል መቋጠርን እንተው፤ ዛንዚባር የፕላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. በ2006፣ መላው ታንዛኒያ ደግሞ በ2019 ከልክለዋል፤ የእማማ ድርቆሽ አየር ማረፊያ ላይ ሲፈታ ማየት ለእሳቸው ውርደት ነው። የጨርቅ ከረጢትና ክዳን ያለው ዕቃ ይበቃል።
– ነፍስ አባትን ሳናማክር በሕመምተኛ ላይ ጾም ማክበድን እንተው፤ በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚቆይ ባለስኳር አባት ሊወድቅብን ይችላል። ይህ ጥያቄ ከጉዞው በፊት በካህንና በሐኪም ፊት ይለቅ፤ እዚያ ሄዶ ልጅና አባት እንዲከራከሩበት አይተው።

ማዕዱ

ከሁሉ በላይ መነጋገር ያለብን ስለዚህ ነው። በአንድ ቤተሰባችን ውስጥ ጾመኛ አለ፤ ጾም ባይሆንም ሥጋ የማይበላ ወጣት አለ፤ ወተትና እንቁላል የማይተው አለ፤ በጾም ዓሣ የሚበላና «ዓሣም አይበላም» የሚል አለ። እነዚህ ሁሉ «አትክልት ተመጋቢ» በሚለው አንድ ስም አይጠቃለሉም። ያልተነጋገረ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጋጨው በምግብ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ አስተናጋጁም ምን እንደሚያመጣ ግራ ይገባዋል።

የሚያስደስተው፣ ደሴቲቱ ለጾመኛ የተመቸች መሆኗ ነው። ወጣቸው በአብዛኛው በኮኮናት ወተት ይሠራል፤ ቅቤ የማያስፈልገው ምግብ ብዙ ነው። ማሃራጌ የሚሉት ባቄላ መሰል አደንጓሬ በኮኮናት ይበስላል። ምቺቻ እንደኛ ጎመን የሚቀቀል ቅጠል ነው። ሩዝ፣ ሙሆጎ የሚሉት ካሳቫ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ካቹምባሪ የሚሉት የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ በየቦታው አለ። ስቶን ታውን በምትባለው ከተማ ውስጥ ደግሞ ለትውልዶች የኖሩ የሕንድ ተወላጆች አሉ፤ ምስርና ሽምብራ ከእነሱ ወጥ ቤት አይጠፋም። ቅርንፉዱና ቀረፋው ከዚያው ከደሴቲቱ ነው። ለአያቶቻችን ጣዕሙ ባዕድ አይሆንባቸውም ብዬ አምናለሁ።

መጠንቀቅ ያለብን ባልተጠበቀ ቦታ ነው። ፒላው የሚሉት ቅመም የበዛበት ሩዝ ብዙ ጊዜ ከሥጋው መረቅ ጋር ይበስላል፤ ሥጋውን ከላይ ማንሣት የጾም አያደርገውም። ኡሮጆ የሚባለው ተወዳጅ ሾርባ ውስጥ የሥጋ ጥብስና እንቁላል ሊገባ ይችላል። ቻፓቲ በዘይትም በቅቤም ይጋገራል፤ ማንዳዚ ውስጥ አንዳንድ ቤት እንቁላል ይጨምራል። «ሥጋ አልበላም» ላለ ሰው ዓሣ ቢያመጡለትም ክፋት የለበትም፤ ለእነሱ ዓሣ ከሥጋ አይቆጠርም። ስለዚህ አንድ በአንድ መጥራት ያስፈልጋል፦ «ቢላ ንያማ፣ ቢላ ኩኩ፣ ቢላ ሳማኪ፣ ቢላ ማያይ፣ ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ሳምሊ»። ያለ ሥጋ፣ ያለ ዶሮ፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ልጆቻችን ይህን ይያዙት፤ ለአያቶቻቸው የሚያዝዙት እነሱ ይሁኑ።

እናድርግ፦
– ከመነሣታችን በፊት የጋራው ገበታ ምን እንደሚሆን እንወስን፤ የጋራው ሁሉም የሚበላው ጾም ቢሆን ማንም ተለይቶ አይቀመጥም።
– ወጥ ቤት ያለውን፣ ከተቻለም ምግብ የሚያበስል ሠራተኛ ያለውን ቤት እንከራይ፤ የቤተሰባችን ሴቶች ከድስት ሥር የሚነሡት ያን ጊዜ ነው።
– ለምግብ ሠራተኛዋ የማንበላውን በጽሑፍ እንስጣት፤ በየማታው ሐሳብ ከሚቀያየርባት ሥራዋ ይቀላል።
– ሽሮና በርበሬ፣ ትንሽ ድርቆሽ፣ ለልጆች ቆሎና በሶ እንያዝ፤ ሆዳቸው የአገር ምግብ የሚፈልግ አዛውንት በሁለተኛው ቀን ይጨነቃሉ።
– አትክልቱን ከዳራጃኒ ገበያ ወይም ከመንደሩ ሴቶች እንግዛ፤ ገንዘቡ እዚያው ሰፈር ያድራል።
– ሙስሊም ዘመድ አብሮን ካለ የእሱንም ማዕድ አስቀድመን እንጠይቅ፤ እሱ በይሉኝታ ዝም ሊል ይችላል።

እንተው፦
– «ትንሽ ነው፣ ምንም አይል» ብሎ የማይበላውን ለማይበላ ሰው ማቅረብን እንተው፤ እምነቱ የተደፈረበት ሰው ከዚያ በኋላ ከገበታው በፍርሃት ነው የሚቀመጠው።
– ሥጋ የሚበላውን ወጣት መቆጣትን እንተው፤ ውጭ በልቶ ቢመጣ ከመደበቅ ይሻላል።
– በሰው ምግብ ፊት ማጨማደድን እንተው፤ ልጆቻችን ከእኛ ያያሉ፣ ያበሰለችውም ታያለች።
– ፎሮዳኒ የሚባለው የምሽት ገበያ ላይ ጾመኛውን አስርበን መውሰድን እንተው፤ እዚያ የሚበዛው የዓሣ ጥብስ ነው፤ ካሳቫና ሙዝም ዓሣው በነበረበት ፍም ላይ ሊጠበስ ይችላል። ቤት በልተን ለሸንኮራ ጭማቂውና ለነፋሱ ብንሄድ ይሻላል።

ባሕሩ

ብዙዎቻችን ባሕር ዳር አላደግንም፤ መዋኘት የምንችለውም ጥቂቶች ነን። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሩቅ ይሸሻል፤ ከዚያ ይመለሳል። አመላለሱ ልጅን ጨዋታ ላይ እያለ ሊከበው ይችላል። ሰሜን ጫፍ ባሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም፤ ዋና ለሚፈልጉ ይመቻሉ፤ ግን ጫጫታ አለባቸው። አዛውንት ለያዘ ቤተሰብ እኔ ጃምቢያኒን እመርጣለሁ፤ ጸጥታው ይሻላቸዋል።

ውሃው ሲሸሽ የሚታየው ሜዳ ባዶ አይደለም። ሴቶች በአሸዋው ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው የባሕር ሣር ያለማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብዙ እናቶች የራሳቸው ገቢ ከዚህ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል። የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ልፋታቸው በዝቶ ምርታቸው ቀንሷል። እኛ ፎቶ ለመነሣት የምንረግጠው ገመድ የአንዲት እናት የሳምንታት ሥራ ነው።

እናድርግ፦
– የባሕሩን የመሸሻና የመመለሻ ሰዓት በየጠዋቱ የቤቱን ባለቤት እንጠይቅ፤ በየቀኑ ይለዋወጣል።
– ልጆች ውሃ ውስጥ ሳሉ አንድ የሚዋኝ ትልቅ ሰው ብቻውን ተመድቦ ይጠብቅ፤ ሁሉም የሚጠብቅ በመሰለበት ቦታ ማንም አይጠብቅም።
– የጎማ ጫማ ለሁሉም እንያዝ፤ ኮራሉ ይቆርጣል፣ እሾኻም የባሕር ፍጡርም እግር ይወጋል።
– ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሥር እንሁን፤ በዚያ ፀሐይ ሕፃንና አዛውንት ውሃ ቶሎ ይጎድላቸዋል።

እንተው፦
– የባሕር ሣር በተተከለበት መሄድን እንተው፤ የተበጠሰ ገመድ የተበጠሰ ገቢ ነው።
– ኮከብ ዓሣን ለፎቶ ከውሃ ማውጣትን እንተው፤ ከውሃ ውጭ መቆየት ይገድለዋል።
– ዛጎልና ኮራል ለቅሞ ወይም ገዝቶ መምጣትን እንተው፤ ለባሕሩ ፍጥረት ቤቱ ነው።
– ኪዚምካዚ በሚባለው መንደር ጀልባዋ ዶልፊኖችን እንድታሳድድ መጎትጎትን እንተው፤ ባለ ጀልባው እኛን ላለማስቀየም ይሮጣል፣ እነሱ ግን ማረፊያ ያጣሉ።

ከተማውና ሰዉ

ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። መንገዶቿ መኪና የማያስገቡ ጠባብ ናቸው፤ ለአያቶች በጠዋት አንድ ሰዓት ቢዞሩባት ይበቃቸዋል። ጆስ ኮርነር የሚባል ቦታ አለ፤ ሽማግሌዎች በትንንሽ ሲኒ ቡና እየጠጡ ዶሚኖ ይጫወታሉ። አባባን እዚያ አስቀምጠናቸው እኛ ብንዞር ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ሰዓት ላይ አንድ የሚያግባባን ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ሲሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ነገር ግን ከእንግዳ ጋር የሚሠራ ሹፌር በፈረንጅ ሰዓት የምናወራ ሊመስለው ስለሚችል በሁለቱም አረጋግጠን እንቅጠረው፤ አለበለዚያ ወይ እሱ ወይ አያቶቻችን ስድስት ሰዓት ይጠብቃሉ።

እናድርግ፦
– ከባሕር ዳር ስንወጣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን እንልበስ፤ በሰው መንደር ውስጥ ነን፣ ነጠላም ለዚህ ይበቃል።
– ልጆችን የአንግሊካን ካቴድራሉ ወዳለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ወደተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ከመውሰዳችን በፊት ታሪኩን እንንገራቸው፤ ያልተነገረው ልጅ በሰንሰለት በታሰሩት ሰዎች ሐውልት ፊት ሊስቅ ይችላል፣ ጎኑ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ሊኖር ይችላል።
– ውሃ እንቆጥብ፤ ደሴቲቱ ትልቅ ወንዝ የላትም፣ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ሆቴሉ በበዛ ቁጥር የመንደሩ ጉድጓድ ይጎድላል።

እንተው፦
– ሰውን ሳናስፈቅድ ፎቶ ማንሣትን እንተው፤ በተለይ ሴቶችን፤ የእኛ እናቶች ቢሆኑ አንወደውም።
– ለመንደር ልጆች ከረሜላና ሳንቲም መበተንን እንተው፤ ከትምህርት ቤት ይልቅ መንገድ ዳር መቆም ይሻላቸዋል ብለው እንዲያስቡ ያደርጋል።
– ቻንጉ ደሴት ላይ ልጆችን ግዙፎቹ ኤሊዎች ላይ ማስቀመጥን እንተው፤ ከሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ1919 በስጦታ ከመጡት የሚወለዱ፣ ዕድሜ የጠገቡ ፍጥረቶች ናቸው።
– ጆዛኒ ደን ውስጥ ጦጣዎቹን መመገብን እንተው፤ የዛንዚባሩ ቀይ ኮሎቡስ ከደሴቶቹ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፣ የሰው ምግብ ያሳምመዋል።
– ክፍል ውስጥ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላትን እንተው፤ የከሰሉ መርዛም ጋዝ በተዘጋ ቤት የሚያንቀላፋን ሰው ይገድላል። የቤቱን ባለቤት አስፈቅደን ግቢ ብናፈላ፣ ጎረቤቱንም ብንጠራ ቡናው ወግ ይኖረዋል።

ሥራውን ስንከፋፈል

ይህን በግልጽ ካላወራነው ሁሉም ነገር ወደ አንዲት እናት ይመለሳል። እንቅልፍ ያጣችው፣ የሁሉን መድኃኒት የምታስታውሰው፣ ማን ምን እንደማይበላ የምታውቀው እሷ ናት። አገሩ ቢቀየር ሥራው ካልተቀየረ ለእሷ ዕረፍት አልነበረም።

እናድርግ፦
– ለየቀኑ አንድ የቀን ተረኛ እንምረጥ፤ ወንዶችም ከውጭ የመጡ ልጆችም ተራ ይግቡ፣ ቁርሱም ዕቃ ማጠቡም የተረኛው ነው።
– ሕፃናቱን ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ከእናቶቻቸው እንቀበል፤ ያቺ ሁለት ሰዓት ለብዙዎቻቸው የጉዞው ትልቁ ስጦታ ናት።
– መዋጮውን እንደ አቅም እንወስን፣ ሒሳቡንም ሳንለያይ እዚያው እንዝጋ፤ በዶላር የሚከፈለውና በብር የሚከፈለው እኩል አይከብዱም።

እንተው፦
– አያቶችን የሕፃናት ጠባቂ ማድረግን እንተው፤ እምቢ ማለት ስለሚያፍሩ ደክመው ይመለሳሉ።
– አብሮን የመጣችን የቤት ሠራተኛ እንደ ሻንጣ መቁጠርን እንተው፤ ለእሷም የዕረፍት ቀን ይወሰንላት፣ ባሕሩንም ትይ።
– ጉርሻውን በአንድ ሰው እጅ መተውን እንተው፤ ላጸዳችውና ላበሰለችው በየእጃቸው ካልሰጠናቸው ላይደርሳቸው ይችላል።
– የመጨረሻውን ምሽት ድግስ ቤት ውስጥ መደገስን እንተው። ራቱን ከውጭ እናምጣ፤ ሻንጣውንም ወንዶቹ እንሰር።